ለሬንጅፋይንደር ካሜራ ትንሽ ቦርሳ፦ አመራረጡና አሸካከሙ

ሬንጅፋይንደር ካሜራ፣ ማለትም በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መመልከቻ እያያችሁ ሁለት ምስሎችን በማጋጠም ፎከስ የምታደርጉበት ካሜራ፣ ትንሽ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዝለት ቦርሳ ግን ትልቅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ከሚያነሱ ወዳጆች ጋር ባወራሁ ቁጥር የምሰማው ቅሬታ ያው ነው። ቦርሳው ከበደኝ፣ ዕቃው እርስ በርሱ ተጋጨ፣ ካሜራውን እስካወጣ ፎቶው አለፈኝ፣ በመጨረሻም ካሜራው ቤት መዋል ጀመረ። ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። ሰው መጀመሪያ ቦርሳ ይገዛል፣ ከዚያ ባዶ ቦታውን የሚሞላበት ዕቃ ይፈልጋል። እኛ እንገልብጠው። መጀመሪያ ዕቃ እንቀንሳለን፣ ቀጥሎ እንለካለን፣ ቦርሳ የምንገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

መመሪያው አንድ ካሜራና ቢበዛ ሁለት ሌንስ ለሚይዝ ሰው ነው። ላይካ ኤም ቢሆን፣ ዞርኪ ወይም ፌድ ቢሆን ያስኬዳል። ካኖኔት ወይም ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ካላችሁ ሌንሱ ስለማይነቀል የሁለተኛ ሌንስ ነገር አይመለከታችሁም፣ እሱን እየዘለላችሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ ዘርግታችሁ ቀንሱ

ያላችሁን ዕቃ ሁሉ አልጋ ላይ ዘርጉት። አብዝታችሁ የምትጠቀሙበትን ሌንስ ካሜራው ላይ ግጠሙና ለብቻ አስቀምጡ። ከቀሩት ሌንሶች አንድ ብቻ ምረጡ። 35 ሚሊሜትርና 50 ሚሊሜትር ካላችሁ ጉዳዩ አለቀ፤ መንገዱም ገበያውም ሰዉም በእነዚህ ሁለቱ ይሸፈናል። 90 ሚሊሜትሩን «ምናልባት ቢያስፈልገኝ» ብላችሁ አትጨምሩ። በመመልከቻው ውስጥ ፎቶው የሚይዘውን የሚያሳየው የ90 ክፈፍ ትንሽ ነው፣ ፎከሱም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከፈለጋችሁት ሌላ ቀን እሱን ብቻ ይዛችሁ ውጡ።

ከዚህ ሌላ የሚገባው ሦስት ፊልም ነው፤ ዲጂታል ከሆነ ደግሞ አንድ ትርፍ ባትሪና አንድ ካርድ። የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ በእጅ ሲጨመቅ አየር የሚነፋው ትንሽ ጎማ፣ ለላይት ሜትሩ (ለብርሃን መለኪያው) የሚሆኑ የአዝራር ባትሪዎች፣ እና አንድ ወፍራም ፌስታል ይጨመሩ። በቃ። ትራይፖድ፣ ፍላሽና ቻርጀር ቤት ይቅሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፍ፣ ሳንቲምና እስክሪብቶ ካሜራው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይግቡ። የካሜራውን አናትና የመመልከቻውን መስታወት የሚፍቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ለኩ

ካሜራውን የምትለኩት ሌንሱ ተገጥሞ፣ ክዳኑ ተደርጎ፣ ሁድ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም የብርሃን መከለያ) ከተጠቀማችሁ ሁዱም እንዳለ ነው። ባዶ አካሉን ብቻ ለክቶ ቦርሳ የገዛ ሰው ቤት ሲደርስ ዚፑ አይዘጋለትም። ከመለካታችሁ በፊት የሌንሱን ፎከስ ተኝታ ያለች ስምንት ቁጥር በምትመስለው ምልክት (∞) ላይ አድርጉ፤ አብዛኛው የሬንጅፋይንደር ሌንስ በጣም የሚያጥረው እዚያ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ላይካ ኤም 6 ወርዱ 138 ሚሜ፣ ቁመቱ 77 ሚሜ፣ ውፍረቱ 33.5 ሚሜ ነው። የተለመደው 50 ሚሊሜትር ሱሚክሮን ሌንስ ሲገጠምበት ከአካሉ 4.4 ሳ.ሜ. ገደማ ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ ከጀርባው እስከ ሌንሱ ጫፍ 8 ሳ.ሜ. አካባቢ አላችሁ ማለት ነው። ሂሳቡ እንዲህ ይሄዳል፦

ወርድ፦ ለካሜራው 14፣ ለመለያያው 1፣ ለሁለተኛው ሌንስ 6፣ ለጣት መግቢያ 1። ድምር 22 ሳ.ሜ.።
ጥልቀት፦ 8 ለካሜራው፣ 1 ለጣት። ድምር 9 ሳ.ሜ.።
ቁመት፦ 8 ለካሜራው፣ 4 ከላይ ለሚጠቀለለው ማንገቻ። ድምር 12 ሳ.ሜ.።

በዚህ ላይ በየጎኑና ከታች 1 ሳ.ሜ. ስፖንጅ ጨምሩ። የቦርሳው የውስጥ ልክ 24 በ11 በ13 ሳ.ሜ. ይሆናል። የእናንተ ካሜራ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፣ አካሄዱ አይለወጥም።

አሁን ይህችን ነገር አትዝለሉ። ከሱቅ ካርቶን ለምኑና በዚሁ ልክ ሣጥን ቆርጣችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ዕቃውን ክተቱበት። በአንድ እጅ ካሜራውን አውጡ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ አውጡ። ጣታችሁ ሌንሱን ሳይነካ አካሉን መያዝ ካቃታችሁ ሣጥኑ ጠቧል፣ 1 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ካሜራው ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ ሰፍቷል። ወደ ገበያ ስትሄዱ ሣጥኗን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ይበቃዋል» ቢላችሁም ሣጥኗን ከትታችሁ ዚፑን ዝጉት።

ደረጃ 3፦ ቦርሳውን ምረጡ

የካሜራ ተብሎ የተሠራ ቦርሳ መሆን የለበትም። እንዲያውም የካሜራ ኩባንያ ስም በትልቁ የተጻፈበት ባይሆን ይመረጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ለሌባ ማሳወቅ ነው። ሰልባጅ ተራ ውስጥ ጠንካራ የሸራ የጎን ቦርሳ ይገኛል። ስትመርጡ እነዚህን እዩ፦

ማንገቻው ከ3.5 ሳ.ሜ. ያልጠበበ ይሁን። ጫፉ ላይ ብቻ የተሰፋውን ተዉት፤ ጎኑን ይዞ ወደ ታች የወረደ ወይም ከሥር ዞሮ የተሰፋ ነው ጥሩው። ስፌቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎተት አድርጉ። ክር ሲንቋቋ ከሰማችሁ መልሱለት።

መዝጊያው ዚፕ ወይም ዘለበት ይሁን። ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ የሬንጅፋይንደርን ዋና ጥቅም ይገድለዋል። ሸተሩ (ፎቶ ሲነሣ ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ጸጥ ያለ ካሜራ ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወይም ለቅሶ ቤት ቦርሳ ብትከፍቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ቦርሳውን ከወደዳችሁት ግን ቬልክሮውን ልብስ ሰፊ ያነሣላችኋል።

ቀለሙ ጥቁር ባይሆን ይሻላል። ጥቁር ጨርቅ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላል፣ ፊልም ደግሞ ሙቀት አይወድም። አመድማ ወይም ካኪ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ሻጋታ ወደ ሌንስ ይሻገራል፣ መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፣ ከቆየ በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ውስጡን አሰሩ

ተራ ቦርሳ ወደ ካሜራ ቦርሳ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጠጠር ያለ ስፖንጅ ግዙ። በጣት ስትጫኑት እስከ ታች የሚሰምጠው የትራስ ስፖንጅ አይሆንም። ቦርሳው ሲወድቅ ያው ይሰምጥና ካሜራው ከመሬቱ ጋር ይገናኛል።

ስድስት ቁራጭ ያስፈልጋችኋል፦ አራት ለጎኖቹ፣ አንድ ለታች፣ አንድ ለመለያያ። ሁሉንም በለስላሳ ጨርቅ አልብሱና አሰፉ። ስፖንጅ እርቃኑን አይተው። ከጊዜ ብዛት ይፈረፈራል፣ ይለጠፋል፣ ብናኙም ሌንስ ውስጥ ይገባል። ጥጡ የሚበተን ጨርቅም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሱፍ ልብስ ገበር ዓይነት ለስላሳና ብን የማይል ጨርቅ ነው የሚሻለው።

መለያያው ላይ ልዩ ትኩረት ስጡ። ቁመቱን ከጎኖቹ 5 ሳ.ሜ. ያህል አስበልጡትና ትርፉ በሁለተኛው ሌንስ ላይ እንደ ክዳን እንዲታጠፍ አድርጉ። ይህች ትርፍ ጨርቅ ካሜራው ተመልሶ ሲገባ ሌንሱን እንዳይመታው ትጠብቀዋለች። ልብስ ሰፊው ለምን እንደሆነ ካልገባው ትርፍ ነው ብሎ ይቆርጣታል፤ ካርቶን ሣጥኗን አሳዩትና አስረዱት።

ማስጠንቀቂያ፦ በማስቲሽ ካስለጠፋችሁት ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ክፍት አድርጋችሁ አየር ላይ አቆዩት። ማስቲሹ እየሸተተ ካሜራና ፊልም አትክተቱበት።

ደረጃ 5፦ ካሜራውን ለጉዞ አዘጋጁ

ፎከሱ ∞ ላይ፣ የፊት ክዳኑ ተደርጎ። ሬንጅፋይንደር ላይ የምታዩት በሌንሱ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ክዳኑ ሳይነሣ አንድ ሙሉ ፊልም ማንሳት ይቻላል፣ መመልከቻው ምንም አይነግራችሁም። ካሜራው ከቦርሳ ሲወጣ ክዳኑ ወዲያው ወደ ኪስ የሚገባበትን ልማድ ያዙ። ኪሱም ሁልጊዜ አንድ ይሁን።

ፊልሙን ለቀጣዩ ፎቶ አታሳልፉት። ፊልሙ አልፎ ካሜራው ተስቦ (ለማንሳት ተዘጋጅቶ) ከገባ ቦርሳ ውስጥ አዝራሩ ይጫንና አንድ ፎቶ ይባክናል። ኤም 6 ላይ ደግሞ ተስቦ ያለ ካሜራ አዝራሩ በተነካ ቁጥር ላይት ሜትሩ ይበራል፣ ባትሪውም ይሄዳል። የፍጥነት መቀየሪያውን «B» (ቢ) የሚለው ፊደል ላይ ካደረጋችሁት ሜትሩ ይጠፋል።

ዞርኪና ፌድ ያላችሁ አንድ ነገር አደራ። ፊልሙን ሳታሳልፉ የፍጥነት መቀየሪያውን አትንኩ። መጀመሪያ ማሳለፍ፣ ከዚያ ፍጥነት መምረጥ ነው። የውስጥ ማርሹ የሚበላሸው በዚህ ነው።

የሁለተኛው ሌንስ የፊትም የኋላም ክዳን አይቀርም። የሬንጅፋይንደር ሌንስ የኋላ መስታወት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ወጣ ያለ ነው። የኋላ ክዳን የሌለው ሌንስ ከቤት አይውጣ።

ደረጃ 6፦ በዚህ ቅደም ተከተል ክተቱ

1. ቦርሳውን ገልብጡና አራግፉት። ስፌቱ መጋጠሚያ ላይ የቀረውን አቧራ በአየር ጎማው ንፉት።

2. ሁለተኛውን ሌንስ የኋላ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ አቁሙት። ቀይ ነጥብ ካለው ነጥቡ ወደ እናንተ ይዙር። ሌንስ ስትቀይሩ ሳታዩ ትይዙታላችሁ፣ የምትገጥሙበትም አቅጣጫ አይጠፋችሁም። ከዚያ የመለያያውን ትርፍ በላዩ እጠፉት።

3. ካሜራውን መቀመጫው ወደ ታች፣ ሌንሱ ወደ ሰውነታችሁ ዞሮ አስገቡት። ሌንሱ ወደ ውጭ ከዞረ ሰው ሲገፋችሁ ወይም ቦርሳው ከባጃጁ ብረት ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁም አታስገቡት። ቦርሳው መሬት ላይ ዱብ ሲል የካሜራው ክብደት በሙሉ የሌንሱ መግጠሚያ ላይ ያርፋል።

4. ማንገቻውን ጠቅልላችሁ ካሜራው ላይ አኑሩት። ከሥሩ አይግባ። ካሜራውን ስታወጡ መጀመሪያ ማንገቻው እጃችሁ ይገባል፣ ከዚያ ካሜራው ይከተላል። ማንገቻው ሌላ ዕቃ ከያዘ ግን ጎትቶ ያወጣውና መሬት ላይ ይጥለዋል።

5. ፊልሙን የውጭ ኪስ ውስጥ አድርጉ። ያልተነሣው በቀኝ፣ የተነሣው በግራ። ይህን አንዴ ወስኑና አትለውጡት።

6. ጨርቁ፣ የአየር ጎማውና ባትሪዎቹ በሌላኛው ኪስ። ፌስታሉን አጣጥፋችሁ ከጀርባ በኩል ሸጉጡት።

7. ዚፑን ዝጉና ቦርሳውን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ኳ የሚል ድምፅ ካለ ክፈቱና የጮኸውን ፈልጉ። ድምፅ እያለ አትውጡ።

ደረጃ 7፦ ከተማ ውስጥ

ባጃጅ ውስጥ ቦርሳው ጭናችሁ ላይ ይሁን። ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ከተደረገ ንዝረቱ ሁሉ ወደ ካሜራው ይሄዳል። የሬንጅፋይንደሩ ፎከስ የሚያሳየው በትንንሽ መስታወቶችና በአንድ ዘንግ ነው፤ ተደጋጋሚ ንዝረትና ምት ከልኩ ያወጣዋል።

የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል በጠዋት ለምትሄዱ፦ ቦርሳውን ዓሣ የሚበለትበት አካባቢ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ውኃው፣ ቅርፊቱና ደሙ ሸራ ውስጥ ከገባ ሽታው አይለቅም። ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን ቁጭ ብላችሁ ማንሳት ከፈለጋችሁ ቦርሳው ከደረት ሳይወርድ ተቀመጡ። የሚበላ ነገርም ቦርሳው ውስጥ አይኑር። ጦጣዎቹ ሙዝ ከሸተታቸው ዚፕ አያግዳቸውም፣ ዛፍ ላይ ይዘውት ከወጡ ደግሞ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ጀልባ ላይ ስትሳፈሩ ቦርሳውን ፌስታሉ ውስጥ ክተቱት፤ መሐል ሐይቅ ስትደርሱ ካሜራውን ብቻ አውጡ። የታቦርን ተራራ ስትወጡ ቦርሳው ከኋላ ይሁን፣ ማንገቻውን አሳጥሩት፤ እየተወዛወዘ ሚዛን ያሳጣችኋል። ጉዱማሌ ላይ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር፣ ወይም ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሰው ሲጨናነቅ፣ ቦርሳው ከፊት፣ ዚፑ ወደ እናንተ፣ አንድ እጅ በላዩ።

ስለ ፀሐይ ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ላይካ፣ ዞርኪና ፌድ ላይ ያለው ሸተር አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ነው። ከፊቱ የሚሸፍነው መስታወት የለም። ሌንሱ ክፍት ሆኖ፣ ፎከሱ ∞ ላይ ሆኖ፣ ወደ ፀሐይ ከዞረ የፀሐይዋ ምስል ጨርቁ ላይ ያርፋል፣ ያቃጥለዋልም። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይወጣለታል። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው። በማታ ዳር ዳሩን ስትሄዱ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ በቀጥታ ይገጥማታል። ስለዚህ ካሜራው ወይ ክዳኑ ይደረግ፣ ወይ ወደ ሰውነታችሁ ይዙር፣ ወይ ፎከሱ 3 ሜትር ላይ፣ አፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 16 ላይ ይሁን። ቦርሳ ውስጥ ∞ አድርጉ ያልኳችሁ ጨለማ ስለሆነና ክዳኑ ስላለ ነው። ሲወጣ ወዲያው ቀይሩት።

ሌንስ ስትቀይሩ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። ማንገቻው አንገት ላይ፣ የቦርሳው ክዳን ክፍት፣ ካሜራው ወደ መሬት ያጎነበሰ። መጀመሪያ የአዲሱን ሌንስ የኋላ ክዳን እዚያው ቦርሳው ውስጥ አላሉት፣ ከዚያ አሮጌውን ንቀሉ። ካሜራው ባዶ አፉን ከፍቶ የሚቆየው ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቦርሳው ወደቀ። ካሜራውን አውጡና ሌንሱን ∞ ላይ አድርጋችሁ በጣም ሩቅ ያለ ነገር እዩ፤ የታቦር ጫፍ ወይም ከሐይቁ ማዶ ያለ ኮረብታ ይሆናል። በመመልከቻው መሐል ያሉት ሁለቱ ምስሎች ካልገጠሙ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ፣ ሬንጅፋይንደሩ ከልኩ ወጥቷል። ብሎኑን በራሳችሁ አታዙሩት። እስኪጠገን ድረስ 35 ሚሊሜትሩን ግጠሙ፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ፎከስ በቀለበቱ ላይ ካለው ቁጥር 3 ሜትር። ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። መንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ይበቃል።

ዝናብ ያዛችሁ። ቦርሳውን በፌስታሉ ሸፍኑ እንጂ ካሜራውን ብቻ ፌስታል ውስጥ አፍናችሁ አታቆዩት። ቤት ስትገቡ ሁሉንም አውጡ፣ ስፖንጁን ለብቻ አስጡት። ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ያደረ ሌንስ ሻጋታ ለመያዝ የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ ማለት ነው።

ክረምቱን ሙሉ አትጠቀሙበትም። ታዲያ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ አታቆዩት። ጨርቅና ስፖንጅ እርጥበት ይይዛሉ። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ጫማና መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚመጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጥቂት ጨምራችሁ አስቀምጡት። ሻጋታ የሚመቸው የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲበልጥ ነው።

አሸዋ ገባ። ሌንሱ ላይ ከሆነ በጨርቅ አትንኩት፣ ያጭረዋል። መጀመሪያ ንፉ፣ ደግማችሁ ንፉ፣ ጨርቁ የመጨረሻ ነው። ሸተሩ ላይ ከሆነ ደግሞ ጣትም ጨርቅም አይነካው፤ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ፣ የአየር ጎማውን ራቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉት።

በአውሮፕላን ልትሄዱ ነው። ፊልሙን በሚታይ ላስቲክ አድርጉና በእጅ እንዲፈተሽላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ፊልም አይግባ፤ የዚያኛው መፈተሻ ጨረር ጠንካራ ነው።

የተነሣውና ያልተነሣው ፊልም ተደባለቀ። ጫፉን እዩ። ያልተነሣ ፊልም ምላሱ ከቆርቆሮው ወጥቶ ይታያል። ስትጠቀልሉ ምላሱን ሙሉ በሙሉ የማስገባት ልማድ ካላችሁ የተነሣው ምላስ አይኖረውም። ምላሱን ከውጭ የማስቀረት ልማድ ካላችሁ ደግሞ ከካሜራው እንዳወጣችሁት ወዲያው ጫፉን አጥፉት፣ ቆርቆሮው ላይም ቀኑን ጻፉበት። የትኛው እንደሆነ ያልለየላችሁን ፊልም ደግማችሁ አትጫኑ። እንደተነሣ ቆጥራችሁ ወደ ማጠቢያ ላኩት።